ስልሳ አንደኛው ደረጃ

እስቲ ንገሩኝ፤ በእናንተ አገር ሰው መራቡን የሚያስመሰክረው በየትኛው የአካል ክፍሉ ነው? በሆዱ ነው ካላችሁኝ ገና ኋላ ቀሮች ናችሁ። በእኛ ከተማ በእግሩ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ከተማችን ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት። ስሟን አልጠራውም፤ የተከለከለ ሆኖ ሳይሆን በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለተቀየረ፣ የትኛው እንደጸና እርግጠኛ አይደለሁም። መሃሏ ላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ተገትሯል። የቋጥኙ አናት ላይ የመስተዳድሩ ግቢ አለ። ዛሬ ወደ ግቢው የሚያወጣው ከዓለቱ የተፈለፈለ አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ በአንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ዓለት በሌላው ገደል ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ ቁጥሩም አንድ መቶ ሃያ ሁለት ነው። እኔ ከደረጃው ግርጌ ጠረጴዛና ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሰዎች ቁጡ ነህ ይሉኛል። ቁጡ አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት መልስ የማይመጣለት ማመልከቻ የጻፈ ሰው ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

የከተማችን አስተዳዳሪ «ሊቀ አንደበት» ይባላል። ድሮ ሥራው ሕዝቡን ወክሎ መናገር ነበር። አሁንም ይናገራል፤ የቀረው መወከሉ ነው። ሊቀ አንደበቶቻችን ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ። የግቢው ሠዓሊ በመጀመሪያ የእያንዳንዳቸውን ሙሉ ምስል ይሥል ነበር፤ አንደኛው ጆሮው ብቻ እንደተሣለ ከሥልጣን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊው ካባውን በቀለም ሠርቶ ሰቅሎታል፣ ፊቱን በጠመኔ ይሞላዋል። አዲስ ሊቀ አንደበት ሲመጣ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይወጣል።

ግቢው ውስጥ ካሉት ቢሮዎች አንዱ የችግረኞች መርጃ ቤት ይባል ነበር። በየወሩ ለችግረኛ ሁለት ቁና በቆሎ ይሰፍራል። ከሊቀ አንደበቶቹ አንዱ ግን የችግረኞች ቁጥር ከዓመት ዓመት መጨመሩን አይተው ብዙ አሰቡ፤ ምክንያቱንም ደረሱበት። ሰው የሚቸገረው በስሙ ቤት ስለተሠራለት ነው አሉ። ወዲያው የቤቱ ስም «የብርታት መዝገብ ቤት» ተባለ። እውነትም ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማችን አንድም ችግረኛ አልተገኘም። ብርታታቸው ገና ያልተረጋገጠ ሰዎች ግን ሞልተዋል።

የብርታት ሕግ ሦስት መስመር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «በቆሎ የሚሻ ሰው በየወሩ በአካል ቀርቦ ይመርመር። አንድ መቶ ሃያ ሁለቱን ደረጃ የወጣ ብርቱ ነውና አይሰፈርለት። ያልወጣ አልቀረበምና አይሰፈርለት።» ሕጉ ደረጃው ግርጌ ላይ የተለጠፈ ዕለት አንብቤ የጸሐፊ ስሕተት መሰለኝና እርማት የሚጠይቅ ማመልከቻ ጻፍሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የመጣልኝ የመጀመሪያ መልስ እሱ ነው። «ተመልክተነዋል። ስሕተት የለበትም።» ይላል። ማኅተሙ ጥሩ ሆኖ ተመቷል።

እንዲህ ያለ ሕግ እንዴት ሊወጣ ቻለ የሚል ይኖራል። ዕድራችንን ስለተውን ነው።

አርባ ዓመት ሙሉ ከማዶ መንደሮች ጋር በአንድ ዕድር ነበርን። ድንኳኑ የጋራ፣ አግዳሚው የጋራ፣ ድስቱ የጋራ፣ በሽተኛ የምንሸከምበት ቃሬዛ የጋራ፣ ወንዙን የምንሻገርበት የገመድ ድልድይም የጋራ ነበር። ዕድሩ ደንብ ያበዛ ነበር፣ አልክድም። አግዳሚው ስንት ስንዝር ከፍ እንደሚል፣ ንፍሮው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚንተከተክ፣ አልቃሽ ከድንኳኑ ስንት እርምጃ ርቃ እንደምትቆም ሁሉ ተጽፎ ነበር። ስብሰባው ያስተኛል፤ እኔ ራሴ ሁለቴ አንቀላፍቼ ሁለቴ ተቀጥቻለሁ። ነገር ግን ከደንቦቹ አንዱ «መራመድ ያቃተውን ሰው ዕድሩ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል» ይል ነበር። ይህ ደንብ ባለበት ያ ሦስት መስመር ሕግ አይወጣም። ሊቀ አንደበቶቻችን ይህን ከእኔ ቀድመው ነው ያወቁት።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ ጋሪ በከተማው መዞር ጀመረ። ጎኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «በየሳምንቱ ሰባት ጆንያ እህል ለማዶ እንገብራለን፤ ለገዛ ችግረኞቻችን ይሁን!» የሚል ተጽፎበታል። ከጽሑፉ አጠገብ ጉንጯ የሞላ የምትስቅ ሴት ተሥላለች። ከዚያ ድምፅ እንድንሰጥ ተጠራን። በዕድሩ እንቆይ የሚል ነጭ ጠጠር፣ እንውጣ የሚል ጥቁር ጠጠር ይጥላል። ጥቁሩ በአንድ እፍኝ በለጠ። በአንድ እፍኝ! ከዚያ በኋላ ግን ነጭ ጠጠር የጣለ ሰው መኖሩን የሚያስታውስ ሹም አልተገኘም።

የማዶ ሰዎች አልተሳደቡም። የዕድሩ ዳኛ፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ዝርዝር ይዘው መጡ፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹን፣ ድስቶቹንና አራቱን ቃሬዛዎች እየጠሩ አስጫኑ። «ትወስዱብናላችሁ እንዴ?» አለ አንዱ የእኛ ሹም ከልቡ ደንግጦ። «የዕድሩ ናቸው» አሉት ሽማግሌው፤ «እናንተ ወጣን አላችሁ እንጂ ዕድሩ አልወጣም።» ድልድዩን ተዉልን፤ ማዶ ጫፉ ላይ ግን በር ሠሩበት። እኛም እንዳንበለጥ ከግቢው ጀርባ ወደ ድልድዩ የሚወርደውን መንገድ በግንብ ዘጋነው። አሁን ወደ ድልድዩ ለመድረስ ከተማውን ሁሉ መዞር ያስፈልጋል። ይህ ነጻነት ይባላል።

በዚያው ክረምት የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ድንኳን የለም። ሰዉ ሁሉ በሰበሰ። የወቅቱ ሊቀ አንደበት ጃንጥላ ተይዞላቸው መጡና ለቀስተኛውን እንዲህ ሲሉ አጽናኑት፦ «ቢያንስ ዝናቡ የራሳችን ነው።» ሰዎች አጨበጨቡ። እርጥብ እጅ ሲጨበጨብ የሚያወጣውን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሰባቱ ጆንያ የት ደረሱ? ጠየቅሁ፤ ሥራዬ ነው። ሊቀ አንደበቱ «እኛ ሰባት ጆንያ አላልንም፤ ጋሪው ነው ያለው» አሉ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ጋሪውን መረመረ። ቀለሙ መድረቁን አረጋግጦ ተበተነ።

አሁን እትዬ ዘርፌን ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው። እትዬ ዘርፌ ገመድ ሠሪ ናት። ቃጫውን ጭኗ ላይ እያንከባለለች ትገምደዋለች። የማዶ ድንኳን በሙሉ የቆመው በእሷ ገመድ ነበር፤ የድልድዩም ገመድ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ከዕድሩ ከወጣን በኋላ ግን እያንዳንዱ ጥቅል ገመድ ድልድዩ በር ላይ ወረቀት ይጠየቅበት ጀመር፤ ቃጫው ከወዲህ ይብቀል ከወዲያ፣ ማን ገመደው፣ በስንት ሰዓት። ወረቀቱ የሚፈረመው ቋጥኙ አናት ላይ ነው። አንድ ጥቅል ለመሸጥ አንድ መቶ ሃያ ሁለት ደረጃ መውጣት፣ መውረድ፣ ከተማውን መዞር! እስከ መስከረም ታገለች። ከዚያ ማዶዎች ገመድ ከሌላ ቦታ ማስመጣት ጀመሩ። የእሷም እግር አብጦ ከጉልበት በታች አልታዘዝ አለ። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። ያላት ተስፋ ሁለት ቁና በቆሎ ነው።

ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን ጎመን ይዤላት ሄጄ ስናወራ የሆዴን አውጥቼ ጠየቅኋት።

«ለመሆኑ እትዬ ዘርፌ፣ ያን ዕለት የጣልሽው የቱን ጠጠር ነበር?»

«ጥቁሩን።»

«ጥቁሩን! አንቺ? ገመድሽን የሚገዙሽ እነሱ!»

«ጋሪው ላይ ሰባት ጆንያ ይላላ።»

«ማንበብ መቼ ትችያለሽና ነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያነበብክልኝ፣ ደሳለው?»

«አነበብኩልሽ እንጂ እመኚ አልኩሽ?»

«ምን ላድርግ» አለች ጎመኑን እየቀነጠሰች፤ «አነባበብህ ያምራል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳይዋን የራሴ አደረግሁት። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ንዴት ነው፤ ንዴት ከፍቅር የበለጠ ይበረክታል።

በመጀመሪያው ወር እግሯ እንደማይሠራ ገልጬ ማመልከቻ ላክሁ። መልሱ በሳምንቱ ወረደ፦ «ችግሯ እግሯ ከሆነ ራሷ መጥታ ታስረዳ። አልቀረበችም።»

በሁለተኛው ወር ሳትነግረኝ ማለዳ ወጣች። ጠረጴዛዬን ልዘረጋ ስመጣ አሥራ አምስተኛው ደረጃ ላይ አየኋት፤ ጀርባዋን ወደ ላይ ሰጥታ፣ በሁለት እጇ እየተመረኮዘች፣ አንድ አንድ ደረጃ በመቀመጫዋ ትወጣለች። ልረዳት ሮጥሁ። «አትንካኝ፤ ኋላ በሰው ታግዛለች ይሉኛል» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። እኔም ከኋላዋ ነበርሁ፤ ስለዚህ የምነግራችሁን በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

የብርታት መርማሪው አቶ ልሳኑ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ጥፍሩ ንጹሕ ነው፤ ቅጹን የሚሞላው ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ነከስ አድርጎ ነው፤ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሣል። ያን ቀንም ተነሥቶ እትዬ ዘርፌ ወለሉ ላይ ስለነበረች ጎንበስ አለላት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ። በምን መጡ?»

«በቂጤ፣ ልጄ።»

አቶ ልሳኑ ቅጹን አገላበጠ። «እዚህ ላይ በእግር ወይም በበቅሎ ነው የሚለው።»

«በቅሎ የለኝም።»

«እንግዲያው በእግር ነው» አለና ጻፈ። ቀጥሎ ማኅተሙን አነሣ። «ብርቱ!» አለ ደስ ብሎት፣ ምርቃት እንደሚሰጥ ሰው።

ምን እንዳልሁ እዚህ አልጽፈውም። አቶ ልሳኑ ውሃ በጣሳ አቀረበልኝ። «እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ፤ ሕጉ ነው» አለኝ። «እንግዲያው ሕጉን ጥራልኝ!» አልሁት። ሕጉ ምሳ ወጥቶ እንደሆነ ሁሉ ወደ በሩ ተመለከተ።

በሦስተኛው ወር ተሸክሜያት ወጣሁ። ድሮ ቢሆን ቃሬዛ ነበር፤ አራት ሰው በሩብ ሰዓት ያደርሳት ነበር። አሁን ያለኝ ጀርባዬ ነው። እኔ የስልሳ ዓመት ሰው ነኝ፤ እትዬ ዘርፌም ብትከሳ አጥንቷ ከባድ ነው።

«ቀስ በል» ትለኛለች ጆሮዬ ሥር፤ «የእህል ጆንያ መሰልኩህ?»

«ዝም በይ፣ ትንፋሽ አሳጣሽኝ።»

«ጆንያ ብሆን ኖሮማ ወደ ላይ አትወስደኝም ነበር። ወደ ላይ የሄደ ጆንያ መቼ ተመልሶ ያውቃል?»

መሃል ላይ አረፍን፣ እንደገና ወጣን፣ ደረስን። አቶ ልሳኑ ተነሣ።

«በምን መጡ?»

«በዚህ ተናዳጅ።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ከልቡ አዘነ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «እናቴ፣ ይህን ባይነግሩኝ ይሻል ነበር። የሚሸከማቸው ሰው ያላቸው አገልጋይ ያላቸው ናቸው። አገልጋይ ያለው ሰው ደግሞ…» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በጽሑፍ ጨረሰው፦ «ባለ አገልጋይ»። ለእኔም ባልጠየቅሁት ሌላ ቅጽ አውጥቶ «እጅግ ብርቱ» ብሎ መዘገበኝ።

«ስማ፣ አቶ ልሳኑ» አልሁት። ድምፄን ዝቅ ለማድረግ ሞከርሁ፣ በእግዚአብሔር ስም ሞከርሁ። «ካልመጣች አልቀረበችም። ብቻዋን ከመጣች ብርቱ ናት። ተሸክመናት ከመጣን ባለ አገልጋይ ናት። እንዴት ትምጣ?»

አሰበ። መዝገቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለበጠ። እኔ ለብልጠት ዝግጁ ነበርሁ፤ ለቅንነት ግን አልነበርሁም። «እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ፤ «መምጣት የሌለባት ይመስለኛል።»

«ካልመጣችስ?»

«አልቀረበችም ነዋ።»

ቀስ ብዬ ተመልሼ ተሸከምኋትና መውረድ ጀመርን። መውረድ ከመውጣት ይከፋል። ስልሳ አንደኛው ደረጃ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ ማለት ነው፣ ጉልበቴ ከዳኝ። እንዳልጥላት ቀስ አድርጌ አስቀመጥኋት። ጀርባዋን በዓለቱ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ሁለት እግሮቿ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር ዘግተው ተዘረጉ።

ትንፋሼ ሲመለስ «እንሂድ» አልኋት።

«ወዴት?»

«ወደ ታች።»

«ታች ምን አለኝ? ቤቴ ያለው በቆሎ የሦስት ቀን ነው፤ እሱም በደንብ ከቆጠብኩት። ላይ ከሆንኩ ብርቱ ነሽ አሉኝ፤ ታች ከሆንኩ አልቀረብሽም አሉኝ። እዚህስ ምን ይሉኛል?»

ተምሬያለሁ፤ የከተማውን ሕግ ሁሉ አገላብጬ አውቃለሁ። አሰብሁ፣ አሰብሁ። እዚህ ምንም አይሏትም! ስልሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ስለተቀመጠ ሰው የሚናገር ሕግ አልተጻፈም።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አልኋት፤ እኔም ከሥሯ ተቀመጥሁ።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መንገር አለብኝ። በእኛ ከተማ የተቀመጠ ሰው የዘረጋው እግር አይታለፍም። እግር ያለፈ ሰው የዚያን እግር ሕመም ይወርሳል ይባላል። ማለፍ የፈለገ «ይሰብስቡልኝ» ብሎ ይለምናል፤ ባለቤቱ ይሰበስባል። መሰብሰብ ያቃተው እንደሆነ ሌላ ሰው ያነሣለታል፤ የሚያነሣው ግን በምስክር ፊት ጮኽ ብሎ «አልታዘዘውምና እኔ አነሣሁለት» ማለት አለበት። ይህን ማን እንደደነገገው አይታወቅም። በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም፤ ስለዚህም ሁሉም ሰው ያከብረዋል።

ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ልሳኑ ለምሳ ወረደ። ስልሳ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመ።

«እናቴ፣ እግርዎን ይሰብስቡልኝ።»

«አልሰበሰብ አለኝ፣ ልጄ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ትንሹም አልሰበሰብ አለኝ። ያንን ልነግርህ ነበር እኮ ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁት።»

«እንግዲያው አንሣላት!» አልሁት እኔ። «አንሣና ቃሉን ተናገር። ታች ሰው አለ፤ ይሰማል።»

እጁን ዘረጋ። አፉን ከፈተ። ከዚያ በብብቱ የያዘው መዝገብ ትዝ አለው መሰለኝ፤ እዚያ ላይ በገዛ እጁ «በእግሯ መጥታለች፤ ብርቱ» ብሎ ጽፏል። እጁን ሰበሰበ። ከኋላው ስምንት ጸሐፊዎች ተደርድረዋል። ከእነሱ በላይ፣ ያን ቀን አደባባይ ላይ «ብርታታችን» በሚል ርእስ ሊናገሩ የነበሩት አዲሱ ሊቀ አንደበት በካባቸው ቆመዋል፤ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ሠዓሊው።

«ለምንድን ነው የቆምነው?» አሉ ሊቀ አንደበቱ።

«እግር ነው፣ ጌታዬ።»

«የማን?»

«የአንዲት ብርቱ ሴት፣ ጌታዬ። መዝገቡ እንደሚለው።»

«ብርቱ ከሆነች ትሰብስበዋ!»

«አልሰበሰብ አለኝ ትላለች።»

«አልፈልግም ነው የምትለው ወይስ አልችልም?»

እትዬ ዘርፌ ቀና ብላ አየቻቸው። «እሱንማ እናንተ ናችሁ የምታውቁት፤ መዝገቡ ያለው እናንተ ጋ» አለች።

ታች የነበረው ሰው ሳቀ። ሳቅ ደረጃ አይቆጥርም፤ በአንድ ጊዜ እላይ ደረሰ። ሊቀ አንደበቱ ፊታቸውን አዙረው በጀርባ በኩል መንገድ እንዲፈለግ አዘዙ። አንድ ጸሐፊ ወጥቶ አይቶ ተመለሰ። «ግንቡ ጥሩ ሆኖ ነው የተሠራው፣ ጌታዬ» አለ።

ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። በማግስቱ ግርጌው በሰው ተሞላ። ጎረቤት ለእትዬ ዘርፌ በቆሎ ቂጣ፣ ሽሮና ውሃ ያቀብላታል፤ እጅ በእጅ ስልሳ ደረጃ ወጥቶ ይደርሳታል። ላይኞቹ ግን መጋዘን ሙሉ ጥሬ በቆሎ ታቅፈው ወፍጮም ምድጃም የላቸውም። ሊቀ አንደበቱ ንግግራቸውን ከአናት ላይ ሆነው አሰሙ፤ ነፋስ ነበርና እኛ ጋ የደረሰው «…ታችን …ታችን» የሚለው ብቻ ነው። ሰዉ ስለ እኛ ስለ ታቾቹ መስሎት አጨበጨበ።

ወደ ማታው ግድም አንድ ጸሐፊ «ኧረ ርቦናል!» ብሎ ጮኸ።

«በአካል ቀርባችሁ አስረዱ!» አለችው እትዬ ዘርፌ።

ታች ያለው ሰው ሆዱን ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም ወረቀት አውጥቼ ለጸሐፊው ማመልከቻ ልጽፍለት ተነሣሁ፤ «በምን መጣህ?» ብዬ ጀመርሁ። ይህን በማድረጌ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ዓርብ ጠዋት ግን አቶ ልሳኑ ብቻውን ወረደና ስልሳ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ደርቋል። እትዬ ዘርፌ ቂጣዋን ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ወደ ላይ ዘረጋችለት።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አልኋት ተናድጄ።

«ርቦታል፤ አታየውም?»

«በምን አወቅሽ? ቅጽ ሞላ?»

«አንተ ደግሞ! ፊቱን አይቼ ነዋ።» ወደ እሱ ዞረች። «ብላ ልጄ። ብርቱ ነህ አልልህም።»

በላ። እየበላ ዐይኑ እግሮቿ ላይ ነበር። አብጠዋል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ተናገራት። እኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ስለነበርሁ ሰማሁ፦ «እንደማይታዘዝዎት አውቃለሁ፣ እናቴ። በመጀመሪያውም ቀን አውቄ ነበር።»

«ጮኽ ብለህ በለው!» አልሁ ብድግ ብዬ። «ጮኽ ብለህ በለውና እግሯን አንሣ! ሁለት ቁናዋን ስጣት፣ አንተም ምሳህን ብላ፣ ሁላችንም ቤታችን እንግባ!»

ቀና ብሎ ወደ ቋጥኙ አናት ተመለከተ። ሊቀ አንደበቱ ቁልቁል እያዩት ነበር። አቶ ልሳኑ የቂጣውን ፍርፋሪ ከመዝገቡ ላይ አራግፎ፣ ከንፈሩን ጠርጎ፣ ተመልሶ ወጣ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ ቀን። ይህን የምጽፈው ስልሳኛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። እትዬ ዘርፌ ከላዬ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ቀልድ ቀንሳለች፣ የግራ እግሯ ጣቶች መልካቸው ተለውጧል። የበቆሎዋን ነገር አሁንም አንሥታብኛለች፤ «ክረምቱ ገና ከፊቴ ነው» አለችኝ፣ ሌላ አላለችም። ጽሑፉን ስጨርስ አንዱን ቅጂ ግርጌው ላይ እለጥፈዋለሁ፣ አንዱን ቆሜ አነበዋለሁ። አነባበቤ ያምራል ተብያለሁ።

ሊቀ አንደበት ሆይ! አቶ ልሳኑ ሆይ! የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። መዝገባችሁ የዚህች ሴት እግር ጤነኛ ነው ይላል። ጤነኛ እግር ለአላፊው የሚያወርሰው ሕመም የለውም፤ ታዲያ ምን ፈርታችሁ ነው አራት ቀን ጾማችሁን የቆማችሁት? ጤነኛ ከሆነ ኑ፣ ሰው ሁሉ እያየ ተሻገሩት። ካልሆነ ሁለቱን ቁና ይዛችሁ ውረዱ፣ እግሯን በእጃችሁ አንሡ፣ ቃሉንም ተናገሩ። በደብዳቤ እንዳትመልሱልኝ፤ ማኅተምም አልፈልግም። ገበያተኛው ተሰብስቧል፣ ነፋሱም ቆሟል። ጮኽ ብላችሁ፣ በገዛ አፋችሁ መልሱ፦ ይሠራል ወይስ አይሠራም?